ዶክተሩ ጠብታ ይበቃል ብሏል

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ቢስሚላህ። በውሸት የሚጀመር ደብተር በረካ የለውምና መጀመሪያ እውነቱን ላውጣው። ቀኝ ዓይኔ አያይም። የዛሬ ነገር አይደለም፤ ኮምቦልቻ ልብስ እየሰፋሁ ሳለ ነው የጀመረኝ። ደንበኛ የተጣመመ ሱሪ ይዞ ሲመጣ በክሩ አሳብቤያለሁ፣ በማሽኑ አሳብቤያለሁ። አንዱንማ «እግርህ ነው የጠመመው» ብዬዋለሁ። ሰውየው እግሩን እያየ ከሱቄ ወጣ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሚስቴ ሀጀርም ሳታውቅ ነው ወደ አኼራ የሄደችው። ብልህ ሴት ነበረች፣ ይህን ግን አላወቀችብኝም። ጠዋት ጠዋት መርፌዎቼን ሁሉ ክር እያስገባች ጨርቅ ላይ ሰክታ ታስቀምጥልኝ ነበር። ያው ሥራ ስለምትወድ ነው።

አሁን ገርጂ፣ ልጄ ፈዲላ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ሻይ ከብርጭቆው ጎን ስቀዳ አየችኝና ጉርድ ሾላ ካለ የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ያዘችልኝ። እሷ ኤርፖርት ካርጎ ነው የምትሠራው፤ ፈቃድ ስላላገኘች ብቻዬን ሄድኩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ትሑት። ሞራ ነው አለኝ። በኦፕሬሽን ይነሣል፤ ግን ዓይኑ ውስጥ ግፊት ስለጀመረ ኅዳር ከተጋመሰ የቀኙ ብርሃን አይመለስም አለ። ግራውም ጀማምሮታል። ሲመጡ የሚፈርምልዎት ቤተሰብ ይዘው ይምጡ አለኝ።

ፈዲላ ስትገባ ምን አለህ ብላ ጠየቀችኝ።

«ጠብታ ይበቃል ብሏል» አልኳት።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ልስልስ ብሎ ነው የወጣው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ጠብታ ገዛሁ። የፋርማሲዋ ልጅ ለደረቀ ዓይን ነው አለችኝ። ደግ፣ የኔም ረጥቦ አያውቅም።

አንዱ ውሸት ሌላውን ይወልዳል። ዶክተሩ ክትትል ስላዘዘ ወጣ ወጣ እላለሁ ብያት ስለነበር የግድ መውጣት ነበረብኝ። ክሊኒክ የማይሄድ ሰው የት ይሄዳል? ገርጂን በውስጥ በውስጥ ስሄድ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ሲገባበት አየሁ፤ እኔም ተሳፈርኩ። «መገናኛ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ውስጥ ካሉት ወጣቶች አንዷ፣ «አዎ ፋዘር፣ ግን ማኪያቶ ሳንጠጣ አንነሣም» አለችኝ። ለካ ካፌ ነው። የሹፌሩ ወንበር ብቻ ባዶ ስለነበር እሱ ላይ ተቀመጥኩ። መሪው እንዳለ ነው። ማኪያቶዬን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጡልኝ። የሚገባው ሁሉ «ወራጅ አለ!» እያለ ያስቀኝ ነበር።

ጎማ እንደሌለው ከወረድኩ በኋላ ነው ያወቅኩት።

ፈዲላ ክትትሉ እንዴት ነበር አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ይህስ እውነት ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቦሌ ሄድኩ። ከመድኃኔዓለም ወደ ውስጥ ሲገባ ያለው ግድግዳ ሁሉ ቀለም ነው። አንዱ ላይ ትልቅ አሣ አየሁ። አንዲት ልጅ ከፊቱ ቆማ ፎቶ ስትነሣ ጓደኛዋ «ጊታሩ ሙሉ ይግባ» ትላታለች። ጊታሩ የት እንዳለ አልታየኝም። ከአሣው ወዲያ ይሆናል።

ከዚያ አስተናጋጆቹ መስማት የተሳናቸው የሆነ ካፌ ገባሁ። ግድግዳው ላይ የእጅ ምልክት ተስሏል፤ በዚያ ነው የሚታዘዘው። ሥዕሉ ለኔ ጭጋግ ነው። ስለዚህ የራሴን ምልክት ሠራሁ፤ አውራ ጣቴንና ትንሿን ጣቴን ዘርግቼ ሻይ እንደሚጠጣ ሰው ወደ አፌ አስጠጋሁ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ፣ የስልክ ቻርጀር ይዞልኝ መጣ። አመሰገንኩትና ስልኬን ሰካሁ፤ ምን ላድርግ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ በርገር መጣ። ሃላል መሆኑን በምን ምልክት እንደምጠይቅ አስቤ አስቤ አቃተኝና አጠገቤ ላለው ተማሪ ጋበዝኩት። ልጁ በመጨረሻ እጄን ይዞ አስተካከለልኝ። አሁን ሻይን በጣቴ ማለት እችላለሁ። እሱ አይሰማም፣ እኔ አላይም፤ ተግባባን።

«አላይም» ብዬ ጻፍኩ? በቀኝ በኩል ማለቴ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ጁምዓ ሰገድኩ። ሰፍ ይዘን ትከሻ ለትከሻ ስንቆም በቀኜ ያለውን ሰው ሁለቴ ገጨሁት። ወንድሜ ቦታ ይስጡኝ አለ። ቦታውማ ሞልቷል፤ እሱን ነው ያላየሁት።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ነፍስ ያለው ነገር መሳል ክልክል ነው ተብሎ ልጅ ሆነን ቁርአን ስንቀራ የተነገረን አለ። እኔ አልሣልኩም፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ለግድግዳ ስዞር ማየቱስ እንዴት ነው? አሰብኩበት። በግማሽ ዓይን የታየ እንደ ግማሽ ይቆጠር እንደሆነ ሸኽ መጠየቅ ፈለግኩ። ለምን ግማሽ ሆነ ቢሉኝስ? ተውኩት።

የሥዕሉ ወንጀል ግን አይደለም እንቅልፍ የነሣኝ። ልጄ ጠብታውን ልጨምርልህ ብላ ስትመጣ ጨምሬያለሁ አልኳት፤ ያን ብዬ ተነሥቼ ኢሻ ሰገድኩ። ያ ሰላት የት ደረሰ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከሁሉ የሚሻለውን ቤት አገኘሁ። ገርጂ ነው፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ። መሐሪ የሚባል ወፍራም ሰውዬ ከፈተው። ወንበሮቹ አንዱ ካንዱ አይገናኙም፤ ከቤቱ ወንበር ያመጣ ሰው የመጀመሪያውን ቡና በነፃ ይጠጣል። የትምህርት ቤት ዴስክ አለ፣ የመኪና ወንበር አለ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር አለ፤ እሱ ላይ ፍቅረኛሞች ይቀመጣሉ። እኔ የፀጉር አስተካካይ ወንበር ደረሰኝ።

መሐሪ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ፀጉር ነው ጢም ብሎ ጠየቀኝ። ቡና አልኩት። «ቡናማ አድርጌ ልቀባው?» አለ። ጢሜ ነጭ ነው።

ፊት ለፊት የፎቁ ባለቤት ፈቅዶ አንዲት ሰብሊ የምትባል ልጅ ረጅሙን ግድግዳ ትሥላለች። ርብራብ ላይ ወጥታ ስትሠራ ትውላለች፤ ልብሷ ላይ ያለው ቀለም ለአንድ ክፍል ይበቃል። ሥዕሉ ገና ነው። እንደምንም ነጭ ነገር ይታየኛል፣ ሰፊ፣ የሚወርድ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

መሐሪ ቤት። ነጩ ነገር ቀሚስ ነው። ሙሽራ ናት! አንድ እጇን ከፍ አድርጋ ሰው ትጠራለች፣ ጣቶቿ መሃል አበባ ይዛለች። እንዴት ያለች ሙሽራ ናት።

አንድ ቢሩክ የሚባል የታክሲ ረዳት፣ ቀጭን፣ አፈ ጮሌ፣ ደጋግሞ እየመጣ ከግድግዳው ሥር ይቆማል። ሰብሊ ከላይ ሆና «እንዳትንቀሳቀስ አላልኩህም?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ታክሲዬ ተራ ደርሷታል» ይላታል። ባልየው ይሆናል። ሚስቱን ሲያሥላት። ደስ ይላል፤ የዘንድሮ ልጆች ፍቅራቸውን አይደብቁም።

ሰብሊ ወርዳ ጋሼ እንዴት አዩት አለችኝ። ማሻአላህ አልኳት። ማሻአላህ ብሎ የተሳሳተ ሰው የለም።

አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ሁሉም ቀና አሉ፤ እኔም ከድምፁ ተነሥቼ ቀና አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

በችኮላ። ክሊኒኩ ደወለ። ጋሽ ሙኽታር ምነው ጠፉ አለችኝ ሴትዮዋ፤ ዶክተሩ ይጠይቅዎታል፣ ልጅዎን ይዘው ቢመጡ። ልጄ ሥራ ትበዛባታለች አልኩ። ሌላ የሚፈርም የለም? የለም አልኩ። ስልኩን ስዘጋ እጄ አላበው።

ምኑ ነው የሚያልበው? እጅ ዓይን የለው።

ደረጃው ላይ ተደናቀፍኩ። ሰው አላየኝም። ፈዲላ ጉልበትህ ምን ሆነ አለችኝ። ብዙ ስለሰገድኩ ነው አልኳት። ይህን ደግሞ ለምን አልኩ? ሰላትን ለውሸት መደገፊያ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ፤ ልቤ ሞልቷል።

ሥዕሉ አለቀና መሐሪ ግድግዳው ሳይመረቅ አያድርም አለ። የሰፈሩ ሰው ወጣ፣ ታክሲዎቹም ተራቸውን ትተው ተደረደሩ። ፈንዲሻ ተበተነ። ሪቫን ተዘረጋ። ሰብሊ መቀሱን ስታነሣ መሐሪ አስቆማት። ሽማግሌ ሳይመርቅ መቁረጥ የለም፣ የወሎ ሰው ተቀምጦ እንዴት ይሆናል ብሎ ከፀጉር ቤት ወንበሬ አስነሣኝ። እምቢ ማለት ያስነውራል። ምርቃት የተጠየቀ ሽማግሌ እምቢ ካለ ረገመ ማለት ነው እኛ ዘንድ።

እጄን ዘረጋሁ። ሁሉም ዘረጉ፤ ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ የጆሮ ማዳመጫ የሰካውም። አባቴ ሲያደርግ እንደማውቀው ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ሰፈሩን መረቅኩ። መንገዱን መረቅኩ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሬ፣

«ይችን ሙሽራ አላህ ከዓይን ያውጣት። ባሏን አያሳጣት። ቤቷን ይሙላው። ዘንድሮ መንታ ትታቀፍ» አልኩ።

ከዚያ «አሚን!» ሲሉ የፎቁ መስታወት ነው የተንቀጠቀጠው። እንዲህ ያለ አሚን ከልጅነቴ ወዲህ አልሰማሁም። ሰዎች አለቀሱ። ቢሩክ መጥቶ አንገቴን አቀፈኝ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አይዞህ ልጄ አልኩት። ሰብሊ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ወጣቶቹ ስልክ ደግነው ይቀርጹ ነበር። አንዷ «የማን ፋዘር ናቸው፣ በጣም ይመቻሉ» ስትል ሰማሁ።

ለሥዕል ዱአ አደረግኩ ወይ ብዬ ትንሽ ፈራሁ። አይደለም፤ ለሴቲቱ ነው። በሕይወት ያለች ሴት ናት፣ ባሏም ቆሞ ነበር። ብቻ ሙሽራይቱ ራሷ ለምን አልመጣችም?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

መገናኛ ለመሄድ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ ቢሩክ ነበር። ሒሳብ ስሰጠው እጄን መለሰው። «ከአባቴ ሒሳብ አልቀበልም» አለ። ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ሙሽሪት፣ ወራጅ» አለው። ሌላኛዋ ስልኳን ለጎረቤቷ እያሳየች በሳቅ ትታነቃለች፤ ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ የኔ ነው። መንታ ትታቀፍ ይላል።

ቢሩክ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ «ፋዘር፣ ቅር አላለኝም። ግን መንታውን ማን ያሳድግልኛል?» አለኝ።

እዚያው ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። ግድግዳው ድረስ ሄድኩ፤ እስኪነካኝ ተጠጋሁ። ቀሚሱ የታክሲው በር ነው፤ ከላዩ ነጭ፣ ከታቹ ሰማያዊ። የተዘረጋው እጅ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» የሚል የረዳት እጅ ነው። በጣቶቹ መሃል ያለው አበባ የታጠፈ ብር ነው። ፊቱን ለማየት ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት አልኩ።

ጢም አለው።

ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። መሐሪ ወጥቶ አብሮኝ ሳቀ። የሰፈሩ ሰው ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው፣ አውቀው ነው ያደረጉት ይላል አለኝ። አዎ አውቄ ነው አልኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ፣ ቡናው ቀረበ፣ ስኒውን ፈልጌ እስካገኘው ጠረጴዛውን ዳሰስኩ፤ መሐሪ መሳቁን ተወ። ስኒውን በጣቱ ገፋ አድርጎ እጄ ሥር አስገባልኝ። ሳቁን ባይተው ነበር የሚሻለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ፈዲላ አወቀች።

ካርጎ አብራት የምትሠራ ልጅ ቪዲዮውን አሳየቻት። በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲስቅ እሷም መሳቅ ጀመረች፤ አባቴ ነው አለቻቸው። ኋላ ደግማ ስታየው መሳቁ አልመጣላትም። ክሊኒክ ደወለች።

ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ጠብታውን አምጣው አለችኝ። አመጣሁ። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው፤ አልተከፈተም።

«ኦፕሬሽኑን ፈርተህ ነው?»

አይደለም አልኳት። እውነት አይደለም። መተኛቱ አላስፈራኝም፤ በእድሜዬ ምን አለኝ።

«እና ምንድን ነው አባ? ዓይንህ ሊጠፋ እኮ ነው። ደብተርህን ባላነበውም ስትጽፍ ከሩቅ አያለሁ፤ ፊደሉ በየቀኑ እየሰፋ በአንድ ገጽ አምስት መስመር አይሞላም።»

ሊወጣ የማይፈልግ ነገር ነበር። እሷ አልቸኮለችም፤ እናቷም እንደዚህ ነበረች።

«የሚፈርም ሰው አምጣ አሉኝ» አልኳት። «አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽኝ። የእናትሽን እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

ደሴ ሆስፒታል ነው። ሀጀር ሆዷን አመማት፣ ወሰድናት። ወረቀት አምጥተው ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ። ሻሿን አስተካክላ ገባች። ከዚያ ሸፍነው ነው ያወጧት። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ። ቀደር መሆኑን ምላሴ ያውቃል፣ ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ ተናግሬያለሁ። እጄ ነው ያልገባው። ያን ቀን የፈረመው እጅ ዛሬም ብዕር ሲይዝ ያልበዋል። ያንን ለልጄ ላውርሳት? አንድ ነገር ብሆን እሷ ደግሞ እድሜዋን እጇን ስታይ ትኑር? አንድ ዓይን ይቅር አልኩ። አንድ አለኝ።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። እንዲህ በቅደም ተከተል ግን አይደለም።

ፈዲላ አለቀሰች። ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ፣

«ባትፈርምስ ኖሮ?» አለችኝ። «ሌሊቱን አታልፍም ብለውህ ነበር። አንተ እምቢ ብለህ ብዕሩን አስቀመጥከው። እሷ ናት ፈርም ያለችህ። ‹ሙኽታር፣ አታስጠብቃቸው፣ ፈርም› አለችህ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ሰምቻለሁ።»

ብዕሩ በምን ዓይነት ክር ከጠረጴዛው ጋር እንደታሰረ አስታውሳለሁ። ነጭ፣ ባለ ሦስት ድርብ፣ ጫፉ የተበተነ። ድምፅዋን ግን ረስቼው ነበር። ይህ እንዴት ይረሳል? ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን የፈረምኩ ይመስለኝ ነበር።

እራት ቀረበ። አልበላንም፤ ቪዲዮውን አብረን አየን። «ባሏን አያሳጣት» የሚለው ጋ ስትደርስ ፈዲላ ከሶፋው ወደቀች።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

መሐሪ ቤት ልጄን ወሰድኳት። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቢሩክ መጥቶ የሙሽራይቱ እኅት ናት ወይ አለ። ሰብሊ ሥዕሉን ልቀይርልዎት፣ ቀሚስ ላልብሰው አለችኝ። ጢሙንስ አልኳት። ጢሙ ይቆይ አለች።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ሌላው ሁሉ ቀልድ ነው፤ እጄ አሁንም ያልበዋል።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

በግራ ዓይኔ እጽፋለሁ፤ ቀኙ ተሸፍኗል። ዶክተሩ ደህና ነው ብሏል። ይህን የምጽፈው እውነት ነው፣ ፈዲላ ትመስክር፤ አጠገቤ ናት።

ትናንት ጠዋት ጉርድ ሾላ። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ መጣችና ቤተሰብ ማን ነው አለች። ፈዲላ ተነሣች፣ ብዕሩን ተቀበለች። ጣቶቿን አየሁ። በግራው ዓይኔ፣ ቀረብ ብዬ፣ በደንብ አየሁ። የኔን ይመስላሉ።

ስጭኝ አልኳት። ነርሷን እኔው ለራሴ ብፈርም ይከለከላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «የራስዎ ዓይን አይደል እንዴ አባቴ» አለችኝ፤ ቤተሰብ የሚጠየቀው ሽማግሌዎች ለብቻቸው እንዳይመጡ ነው። ፈዲላ ብዕሩን ወዲያው አልለቀቀችውም። «አታስጠብቃቸው» አልኳት። ያን ጊዜ ለቀቀችው።

መስመሩ የት እንዳለ ነርሷ ጣቴን ይዛ አሳየችኝ። እንዲያም ሆኖ ሳትኩት፤ ስሜ ወደ ታች ወርዶ የዶክተሩ ስም ላይ ተጋደመ። ይሁን፣ ያነባሉ አለች። ቢስሚላህ ብዬ፣ ሙኽታር ብዬ፣ በራሴ እጅ ፈርሜ ገባሁ።